አንባቢን የሚነካ የግል ወግ እንዴት ይጻፋል? ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው ንባብ

ቅዳሜ ቅዳሜ አራት ኪሎ አንድ ኬክ ቤት ቁጭ ብዬ የሰዎችን ጽሑፍ አነባለሁ። አብዛኞቹ የሚያመጡልኝ የራሳቸውን ታሪክ ነው። አባቱ የሞተበት አለ። ከአረብ አገር የተመለሰች አለች። ቤቱ የፈረሰበት፣ ልጇን ለወራት ያስታመመች። ማኪያቶ ይዘን በአፋቸው ሲነግሩኝ እንባዬ ይመጣል። ወረቀቱን ሳነብ ግን ምንም አይሰማኝም። ሰውየው ያው ነው፤ ታሪኩም ያው ነው። ከአፍ ወደ ወረቀት ሲሻገር መንገድ ላይ የሆነ ነገር ይፈሳል።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ያ ነገር እንዳይፈስ ነው። የተለየ ተሰጥኦ አይጠይቅም። ቅደም ተከተሉን ግን አትዝለሉ። አብዛኛው ሰው የሚወድቀው ደረጃ 2ን ዘሎ ደረጃ 4 ላይ ስለሚጀምር ነው።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ርካሽ ደብተር። ውድና ቆንጆ ደብተር አትግዙ። ቆንጆ ደብተር ላይ ሰው የሚያምር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ይጥራል፤ መጀመሪያ ላይ የሚያምር ነገር አንፈልግም።
- ድምፅ የሚቀዳ ስልክ።
- ሁለት ሳምንት። በአንድ ሌሊት የተጻፈ የግል ወግ አብዛኛውን ጊዜ ለቅሶ ነው፤ ገና ወግ አልሆነም።
- ታሪኩን የማያውቅ አንድ ጓደኛ። ቤተሰብ አይሆንም፤ ቤተሰብ የጎደለውን ከራሱ ትዝታ ስለሚሞላው ምን እንደጎደለ አይነግራችሁም።

ቤታችሁ ሰው የሚበዛበት ከሆነ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሄዳችሁ ጻፉ። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተ ነው፤ ሰፊ ስለሆነ ጥግ አታጡም። ካፌ ውስጥ ባትጽፉ ይሻላል። የሚያውቃችሁ ሰው መጥቶ «ምን እየጻፍክ ነው?» ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

## ማስጠንቀቂያ፦ ቁስሉ ጠግጓል?

ትናንት ስለደረሰባችሁ ነገር ዛሬ ለሰው የሚነበብ ወግ አትጻፉ። ለራሳችሁ ደብተር ላይ ጻፉ፣ አልቅሱ። ለሰው ግን ይቆይ። መለኪያው ቀላል ነው። ታሪኩን ለአንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መናገር ትችላላችሁ? መሀል ላይ ድምፃችሁ ቢቆራረጥ ችግር የለም። መቀጠል ካቃታችሁ ግን ጊዜው አልደረሰም።

ጄምስ ፔነቤከር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አለ። ከአንዲት ባልደረባው ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የኮሌጅ ተማሪዎችን፣ አንዳንዶቹን በሕይወታቸው ስለገጠማቸው ከባድ ነገር፣ ሌሎቹን ስለ ተራ ነገር፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ ለ4 ተከታታይ ቀናት አስጻፉ። ስለ ከባዱ ነገር የጻፉት ጽፈው ሲነሱ ከበፊቱ ይበልጥ ከፍቷቸው ነበር። በቀጣዮቹ ወራት ግን፣ የደረሰባቸውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት፣ ስለ ተራ ነገር ከጻፉት ባነሰ ክሊኒክ ሄዱ።

ስለዚህ ጽፋችሁ ስትነሱ ቢከብዳችሁ አትደንግጡ፤ ያለ ነው። ፔነቤከር ራሱ ግን አንድ ነገር ይመክራል። ርዕሱ ከአቅማችሁ በላይ እየሆነ ከመሰላችሁ አቁሙና ሌላ ነገር ጻፉ። በግድ አትቀጥሉ። ከቀናት በኋላም ካልለቀቃችሁ፣ እንቅልፍ ካሳጣችሁ፣ ደብተሩን ዝጉና ሐኪም ወይም የምታምኑትን ሰው አነጋግሩ። ወጉ የትም አይሄድም።

## ደረጃ 1፦ አንድ ቀን ምረጡ

«ሕይወቴ» ርዕስ አይሆንም። «ስደቴ»ም፣ «እናቴ»ም እንደዚያው። እነዚህ በጣም ትልልቅ ናቸው፤ አንባቢ የቱ ጋ እንደሚይዛቸው አያውቅም።

1. «የዚያን ቀን» ብለው የሚጀምሩ 10 መስመሮች ጻፉ። እያንዳንዱ መስመር አንድ የሆነ ነገር ይኑረው። «የዚያን ቀን አባዬ ጫማውን ሳያወልቅ ተኛ።» «የዚያን ቀን እህቴ ኤርፖርት በር ላይ ሳትዞር ገባች።» እንደዚህ።
2. አሥሩንም ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ።
3. ጉሮሯችሁን የያዘችውን መስመር ክበቡ። የምታኮራዋን አላልኩም፤ ለማንበብ የከበደቻችሁን ነው።
4. የታክሲ ፈተና ስጧት። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ እስክትደርሱ ታክሲ ውስጥ ተነግራ ታልቃለች? ካላለቀች አሁንም ትልቅ ናትና ቁረጧት።

ቢበላሽስ? ሁለት መስመሮች እኩል ከያዟችሁ ትንሿን ምረጡ። ቀብሩን ትታችሁ፣ ከቀብሩ ማግስት ጠዋት ማን ዳቦ እንደገዛ ጻፉ። አንዱም ካልያዛችሁ ደግሞ የጻፋችሁት «ትልቅ ነገር ነው» ብላችሁ የምታስቡትን ነው ማለት ነው። ሌላ 10 መስመር ጻፉ፤ አሁን ግን በዕቃ ጀምሩ። «ያ ኮት...»፣ «ያ ቴርሞስ...»፣ «ያ የተሰነጠቀ ስልክ...»።

## ደረጃ 2፦ ጥሬውን ሰብስቡ

ጨርሶ የሚዘለለው ይህ ደረጃ ነው። 4 ክፍል አለው።

ሀ. ለ4 ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ ጻፉ። ስልኩ ላይ ሰዓት ሙሉ። አትሰርዙ፣ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አታንብቡ። በ«ሀ» ይጻፍ በ«ሐ» አሁን ጉዳያችሁ አይደለም። የምትጽፉት ካለቀባችሁ «አላስታውስም» ብላችሁ ጻፉና ያላስታወሳችሁት ምን እንደሆነ ቀጥሉ። «አላስታውስም፣ የለበሰችውን አላስታውስም፣ ነጠላዋ ግን እርጥብ ነበር።» ብዙ ጊዜ ወርቁ የሚወጣው እዚያ ጋ ነው።

ለ. ተናገሩት፣ ቅዱት። ታሪኩን ለማያውቀው ጓደኛችሁ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት ላኩ። ከዚያ ራሳችሁ አዳምጡና ቃል በቃል ገልብጡ። «ማለቴ»ውንም «እና ምን ልበልህ»ውንም ሳትተዉ። አሁን ሁለት ቦታ ፈልጉ፤ የፈጠናችሁበትን እና ዝም ያላችሁበትን። የፈጠናችሁበት ለአንባቢም አያስፈልገውም። ዝም ያላችሁበት የወጉ ልብ ነው። አፋችን ታሪክ መንገር ያውቃል፤ እስክሪብቶ ስንይዝ ነው የሚጠፋብን።

ሐ. ቦታው ድረስ ሂዱ። በእግር። ታሪካችሁ ለምሳሌ በተማሪነታችሁ ከአራት ኪሎ በራስ መኮንን ድልድይ አድርጋችሁ ፒያሳ የምትሄዱበት መንገድ ላይ ከሆነ፣ ያንኑ መንገድ በዚያው ሰዓት ሂዱ። ያያችሁትን፣ የሰማችሁትን፣ የሸተታችሁን፣ የነካችሁትን፣ የቀመሳችሁትን ለየብቻው መዝግቡ። ዓይን ብቻውን ይበቃል ብላችሁ አታስቡ። ትዝታን ቶሎ የሚጠራው ሽታ ነው፤ የተቆላ ቡና፣ የናፍጣ ጭስ፣ ዝናብ የመታው አቧራ።

ቦታው ከሌለስ? ፒያሳ ያደገ ብዙ ሰው ይህን ይጠይቀኛል፤ በ2016 ዓ.ም. ብዙው ሰፈር ፈርሷልና። ያም ሆኖ ሂዱ። ቆማችሁ «በራችን እዚህ ጋ ነበር» ማለት መቻል አለመቻላችሁ ራሱ ሊጻፍ የሚችል ነገር ነው። ከዚያ የድሮ ጎረቤት ፈልጉና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ «ግቢያችን በር ላይ ምን ነበር?» ስትለያዩ አንድ ገጽ ሙሉ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። የድሮ ፎቶ ካላችሁ ፊቶቹን ተዉና ከኋላ ያለውን እዩ፤ የመጋረጃውን ቀለም፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቀን መቁጠሪያ።

መ. ቀኑን አጣሩ። ትዝታ ዓመት ያቀላቅላል። በምታውቋቸው ችካሎች ለኩት። ደርግ የወደቀው ግንቦት 1983 ነው። የከተማው ባቡር ሥራ የጀመረው መስከረም 2008 ነው። የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ አገራችን ውስጥ የተገኘው መጋቢት 2012 ነው። አንዴ ያነበብኩት ረቂቅ ላይ ባለታሪኩ በ2005 በባቡር ስታዲየም ይወርዳል። ጸሐፊው ሊዋሽ ፈልጎ አይደለም፤ ሁለት ዓመታት ተደባልቀውበት ነው። አንባቢ ግን እዚያ ጋ እምነቱን ያነሳል፤ ከዚያ በኋላ ስለ እናታችሁ የምትሉትንም አያምንም። የጊዜው ጋዜጣ ካስፈለጋችሁ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት) ሄዳችሁ ጠይቁ።

## ደረጃ 3፦ ስሜቱን የሚሸከም ዕቃ ፈልጉ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ከሁሉም ደረጃ ይህ ይበልጣል።

ልጅ ሆኜ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ሙሾ አውራጅ ሰምቻለሁ። ሴትየዋ «በጣም አዝነናል» አትልም። «ደግ ሰው ነበር» ብላም አታቆምም። የሟቹን ከዘራ ትጠራለች። በር ላይ ቆሞ ልጆቹን ሲጣራ እንዴት እንደነበር፣ ጋቢው የት እንደተሰቀለ፣ አሁን ያንን ጋቢ ማን እንደሚያወርደው ትጠይቃለች። ጋቢው ሲጠራ ድንኳኑ በአንድ ጊዜ ያለቅሳል። ይህን ሙያ እኛ ከማንም አንማረውም፤ ቤታችን ውስጥ የነበረ ነው። ሰው ለስሜት ስም አያለቅስም። ለጋቢው ያለቅሳል።

እንዲህ አድርጉ፦

1. ጥሬ ጽሑፋችሁ ውስጥ ያሉትን የስሜት ቃላት በሙሉ አስምሩባቸው፦ አዘንኩ፣ ከፋኝ፣ ልቤ ተሰበረ፣ ብቸኝነት፣ ናፍቆት፣ ተስፋ መቁረጥ።
2. ከእያንዳንዱ ጎን «ያን ጊዜ እጄ ምን ይዞ ነበር? ዓይኔ ምን ላይ ነበር?» ብላችሁ መልሱን ጻፉ።
3. መልሶቹ ውስጥ ደጋግማ የምትመጣ አንድ ዕቃ ወይም አንድ ድርጊት ታገኛላችሁ። እሷን ያዙ።
4. የስሜት ቃላቱን ሰርዙና በዚያች ዕቃ ተኩ።

ከራሴ ላሳያችሁ። ሰፈራችን ፈርሶ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ ስለ እናቴ የጻፍኩት የመጀመሪያ ረቂቅ ይህን ይመስል ነበር፦

«እናቴ ከሰፈራችን ከተነሳን በኋላ እጅግ በጣም አዘነች። ብቸኝነት ልቧን ሰበረው። ጎረቤት ማለት ዘመድ ማለት ነውና ያ ፍቅር ሲጠፋ ማየት ያማል። የጥንቱ ማኅበራዊ ሕይወታችን እየጠፋ ነው።»

ውሸት የለበትም። ግን የማንም እናት ልትሆን ትችላለች። ከላይ ያሉትን 4 እርምጃዎች ስሠራ ዓይኔ ደጋግሞ የሚያርፈው ረከቦት ላይ ሆኖ አገኘሁት። ሁለተኛው ረቂቅ እንዲህ ሆነ፦

«በገባን በመጀመሪያው እሁድ እማዬ ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥላ አስገባች። ረከቦቱ ላይ ዘጠኝ ስኒ ደረደረች። ቡናው ሲፈላ ተነስታ በሩን ከፈተችና አንገቷን ወደ ኮሪደሩ አውጥታ "ቡና ጠጡ!" አለች። ድምጿ ደረጃውን ይዞ ወረደ። ታች የሆነ በር ተዘጋ። አቦሉን ለሁለታችን ቀዳች። ሰባቱን ስኒዎች አላነሳቻቸውም። ቶናውንም በረካውንም እንደዚያው ጠጣን። በአራተኛው እሁድ ረከቦቱ ላይ ሁለት ስኒ ነበር። ያን ጊዜ የእናቴ ብቸኝነት ገባኝ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አያችኋት? አንድ ወዳጄ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዛት። ተከራከርኩት። «ለአንባቢው ግልጽ ይሁንለት ብዬ ነው» አልኩት። «ስኒውን ቆጥሯል እኮ፤ አንተ ደግመህ ልትቆጥርለት ነው?» አለኝ። ትክክል ነበር። አንባቢ ራሱ የደረሰበትን ነገር ነው የሚሰማው። አንስታችሁ እጁ ላይ ካስቀመጣችሁለት ይቀበላችኋል እንጂ አይሰማውም።

ቢበላሽስ? ሁለት ዓይነት ብልሽት አለ። አንዱ ዕቃ ማብዛት ነው። ጀበናውም፣ ነጠላውም፣ ሬዲዮውም፣ አልጋውም ሁሉም ስሜት ከተሸከመ ክፍሉ ዕቃ ቤት ይመስላል። አንድ ብቻ ይሸከም፤ ሌሎቹ ዝም ብለው ይቀመጡ። ሌላው ዕቃውን መተርጎም ነው። «ስኒው የአንድነታችን ተምሳሌት ነበር» ያላችሁ ቀን ስኒው ተሰበረ። «ተምሳሌት»፣ «ምልክት»፣ «የሚያመለክተው» የሚሉ ቃላት ካገኛችሁ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ አውጡት።

## ደረጃ 4፦ ቅደም ተከተሉን አስተካክሉ

መግቢያውን ቁረጡ። ትምህርት ቤት «መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ» ተብለን ስለተማርን ሁላችንም በምሳሌያዊ አነጋገር ወይም «ሕይወት ውጣ ውረድ የበዛባት ናት» ብለን እንጀምራለን። የመጀመሪያውን አንቀጽ በእጃችሁ ሸፍናችሁ ከሁለተኛው አንብቡ። የጎደለ ነገር አለ? ካሥር ዘጠኙ ጊዜ የለም። ሰርዙት።

ሰው እየሠራ ጀምሩ። እማዬ ከሰል እያቀጣጠለች፣ አባዬ ቁልፍ እየፈለገ፣ እህትህ ሻንጣ ላይ ተቀምጣ ዚፑን እየሳበች። ማን እንደሆኑና የት እንደሆነ አንባቢ አንድ ነገር ካየ በኋላ በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ንገሩት።

ዓመታቱን አሩጡ፣ ደቂቃዋን አዝግሙ። ሦስት ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለፍ። ስልኩ የጠራባት ደቂቃ ግን ግማሽ ገጽ ትውሰድ። ብዙ ረቂቅ የሚበላሸው ይህ ስለሚገለበጥበት ነው። ልጅነቱን በሦስት ገጽ ይተርክና «ከዚያ አባቴ ሞተ» ብሎ ያልፋል። ደረጃ 2 ላይ ድምፃችሁ ዝም ያለበትን ቦታ አስታውሱ። የምታዘግሙት እዚያ ጋ ነው።

ሳይጠግቡ ይነሱ። «ከዚህ የምንማረው» ወይም «ስለዚህ ውድ አንባቢያን» የሚል ነገር ካያችሁ ሰርዙ። መጨረሻውን አንቀጽ እንደ መግቢያው በእጃችሁ ሸፍኑ። ከሱ በፊት ያለው ዓረፍተ ነገር መዝጋት ከቻለ እሱ ይዝጋ።

## ደረጃ 5፦ አማርኛውን አጥሩ

- «እጅግ በጣም»ን አውጡ። «በጣም»ንም። አንዱ ወጥቶ ከጎደለባችሁ መልሱት።
- አማርኛ ግሥን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። የዓረፍተ ነገሩ ክብደት የሚያርፈው እዚያ ነው። «ነበር»፣ «ነበር»፣ «ነበር» እያለ የሚሄድ አንቀጽ ክብደቱን ባዶ ቃል ላይ ያሳርፋል። ከሦስቱ ሁለቱን በሚሠራ ግሥ ተኩ። «ከዘራው በሩ ጥግ ነበር» ከምትሉ «ከዘራው በሩን ተደግፏል» በሉ።
- «መጥቶ፣ ቁጭ ብሎ፣ ሻይ አዝዞ፣ አይቶኝ፣ ዝም ብሎ ሄደ» ዓይነቱን ሰንሰለት በጥሱት። ከባዷ ድርጊት የራሷ ዓረፍተ ነገር ይኑራት። «መጥቶ ቁጭ አለ። ሻይ አዘዘ። አየኝ። ሄደ።»
- ሰዎች እንዳወሩ ይናገሩ። እናታችሁ «ልጄ ሆይ፣ እጅግ ናፍቀኸኛል» አትልም። «ከሳህ። በላህ?» ነው የምትለው። ናፍቆቱ እዚያ ውስጥ አለ።
- አጠራርን ልብ በሉ። ወንድ ልጇን ስታቆላምጥ «አንቺ» የምትል እናት፣ አንድ ቀን «አንተ» ካለች የሆነ ነገር ተሰብሯል። «አንቱ» ስትሉት የኖራችሁትን ሰው «አንተ» ያላችሁበት ጠብ ካለ፣ ያችን ቃል ብቻ ጻፉ። ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

## ደረጃ 6፦ ገመናውን መርምሩ

እዚህ ጋ ብዙ ጥሩ ወግ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፤ ብዙ ቤተሰብም ይቀያየማል። ታሪኩ የእናንተ ቢሆንም ውስጡ ያሉት ሰዎች የእናንተ አይደሉም። ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት እነዚህን ጥያቄዎች መልሱ።

ምስጢሩ የማን ነው? የእናንተ ውድቀት የእናንተ ነው፤ ጻፉት። የእህታችሁ ሕመም፣ የአክስታችሁ ትዳር፣ የወንድማችሁ እስር ግን የነሱ ነው። ሄዳችሁ ጠይቁ። በስልክ ጽሑፍ ሳይሆን ፊት ለፊት፣ ወረቀቱን ይዛችሁ።

ሰውየው ይታወቃል? አዲስ አበባ ውስጥ ስም መቀየር ብቻውን አይደብቅም። የሰፈር ሰው በእድሩ፣ በሱቁ፣ ልጆቹ በሚማሩበት ትምህርት ቤት ይለየዋል። ስም ከቀየራችሁ ሙያውንም፣ ሰፈሩንም፣ የልጆቹን ቁጥርም ቀይሩ። የተፈጸመውን ነገር ግን አትቀይሩ። ዝርዝሩን መቀየራችሁን ለአንባቢ በአንድ መስመር መናገር ያስከብራችኋል።

ሂሳብ እያወራረድኩ ነው? ይህ ጥያቄ ያማል። ረቂቁ ውስጥ እናንተ ንጹሕ፣ ሌላው ሰው ክፉ ብቻ ከሆነ ወግ አይደለም፤ ክስ ነው። የራሳችሁን ድርሻ አስገቡ። ስልኩን ያላነሳችሁበትን ቀን፣ የመለሳችሁትን መጥፎ መልስ። እኔ ለምሳሌ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን እሁድ እማዬ ጋ አልሄድኩም ነበር። ያንን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል። ያነበቡት ሰዎች ግን ደጋግመው የሚያነሱልኝ እሱን ነው፤ ሁሉም ያልሄደበት እሁድ አለው።

ቢበላሽስ? ሰውየው «አይሆንም» ካለ አይሆንም። አትለማመጡ፣ በቀጥታም በዘዴም አትዙሩ። ሁለት መንገድ አላችሁ፤ እሱን አውጥታችሁ የራሳችሁን ብቻ ጻፉ፣ ወይም አስቀምጡት። ደብተር አይበሰብስም። አንዲት ልጅ እናቷን አስፈቅዳ ለማውጣት 4 ዓመት ጠብቃለች፤ በመጨረሻ እናትየዋ ራሳቸው የጎደለውን ሞሉላት።

ስለ ሟች ስትጽፉ ደግሞ በሕይወት ያሉትን አስቡ። ሟቹ አይነበብበትም፤ ልጆቹ ላይ ይነበብባቸዋል።

## ደረጃ 7፦ የመጨረሻው ንባብ

1. ረቂቁን 3 ቀን አትንኩት።
2. ወረቀት ላይ አትሙት። ስልክ ላይ ዓይን ይሸውዳል።
3. ቆማችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ምላሳችሁ የተደናቀፈበትን ምልክት አድርጉ። እዚያ ጋ ወይ ዓረፍተ ነገሩ ረዝሟል፣ ወይ የማታምኑበትን ጽፋችኋል።
4. ለዚያ ታሪኩን ለማያውቀው ጓደኛችሁ ስጡት። «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ ይይዘውና «በጣም ደስ ይላል» ይላችኋል፤ እሱ ደግሞ ምንም አይጠቅማችሁም። ሁለት ቀን ቆዩና «ምን ታስታውሳለህ?» በሉት። ስኒዎቹን ካስታወሰ ሠርቷል። «ስለ ብቸኝነት ነበር አይደል?» ካለ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።
5. ከማውጣታችሁ በፊት ወጉ ውስጥ ላለው ሰው አስነብቡት። ማንበብ የማይችል ወይም ዓይኑ የደከመ ከሆነ እናንተ አንብቡለት። አትቸኩሉ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ዝም በሉ፤ ማብራሪያ አትጨምሩ። ከዚያ ቀጥሎ የሚባለውን ነገር ሁሉ መዝግቡ።

ቢበላሽስ? ሰውየው ሊያለቅስ፣ ሊቆጣ፣ ርዕስ ሊቀይር ይችላል። ከተቆጣ ወረቀቱን አጥፉና ሌላ ቀን ተመለሱ። የሳታችሁበት ቦታ ላይ «እንዲህ አልነበረም» ብሎ ካረማችሁ ግን ተቀመጡ፣ እስክሪብቶ አውጡ። ከዚህ የሚበልጥ አርታኢ አታገኙም።

እኔ ለእማዬ ያነበብኩላት እሁድ ከሰዓት ነው። ቡናው ተወቅጦ ነበር፣ ጀበናው ገና አልተጣደም። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ነጠላዋን አስተካከለች። «ዘጠኝ አይደለም፤ አሥር ነው» አለችኝ።

ረከቦቱ ላይ ዘጠኝ መቁጠሬን እርግጠኛ እንደሆንኩ ነገርኳት።

«ረከቦቱ ላይማ ዘጠኝ ነው። ያንተና የኔ፣ የጎረቤት ደግሞ ሰባት። ጠርዙ የተሸረፈችው የአባትህ ናት። እሷን ከጀበናው ጎን ነው የማስቀምጣት። አላየሃትም?»

አላየኋትም ነበር። አባዬ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያው ጋ ነበረች። ቁጭ ብዬ የመጨረሻውን መስመር አስተካከልኩት፦

«በአራተኛው እሁድ ረከቦቱ ላይ ሁለት ስኒ ነበር። ከጀበናው ጎን ደግሞ አንድ።»